ቁልቁለት የሚያፈላው ፍሬን፦ ያረጀ ሚኒባስ በጌዴኦ መንገዶች

በጌዴኦ ዞን ለሚኖር ሰው ቁልቁለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ዞኑ በስምጥ ሸለቆው ምሥራቃዊ ጠርዝ ላይ የተዘረጋ ሲሆን፣ ዝቅተኛው ሥፍራ በአባያ ሐይቅ አቅጣጫ 1,300 ሜትር ገደማ፣ ከፍተኛው ደግሞ በደጋው 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ዲላ በ1,570 ሜትር ላይ መካከሉን ይዛ ተቀምጣለች። ከዚህች ከተማ ወደ ቡሌ ደጋ የሚወጣው፣ በወናጎ በኩል ወደ ይርጋ ጨፌ የሚሻገረው መንገደኛ ከሚሳፈርባቸው መኪኖች አንዱ የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባስ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን የእንሰትና የቡና መልክዓ ምድር ብዙዎቻችን ያየነው በዚሁ መኪና መስኮት ነው። ሚኒባስ ላለው ቤተሰብ ደግሞ መኪናው በሥራ ቀን እንጀራው፣ በዕረፍት ቀን ወደ ሠርግና ወደ ለቅሶ የሚያደርሰው እግሩ ነው።

እነዚህ በተለምዶ «ዶልፊን» ወይም «አባዱላ» የሚባሉት መኪኖች ብዙዎቹ ወጣት አይደሉም። የሃይኤስ አራተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ1989፣ አምስተኛው በ2004 ወደ ገበያ ወጡ፤ ሁለቱንም ዛሬም በመንገድ ላይ እናያቸዋለን። መተካታቸውም ቀላል አይደለም። የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ ተሽከርካሪ ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱ እንዲከብድ አድርጓል፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታውቋል። ስለዚህ በእጅ ያለውን መኪና አሳምሮ ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል።

የአሮጌ መኪና ጠላቱ ምንድን ነው ቢባል ሾፌሩ ጉድጓዱን፣ መካኒኩ ቀዩን አቧራና ጭቃ ይጠራል። ሁለቱም እውነት አላቸው። በእኛ አስተያየት ግን በተራራማ አገር የመኪናውን ዕድሜና የተሳፋሪዎቹን ደኅንነት ከሁሉ በላይ የሚወስነው ሙቀት ነው። ሙቀቱን ችለው መሥራት ያለባቸው ደግሞ እስኪጎድሉ ድረስ ማንም የማያስታውሳቸው ሁለት ፈሳሾች፣ የፍሬን ዘይትና የራዲያተር ውሃ ናቸው።

አንባቢያችን ብዕርና ወረቀት ይያዙልን። ተሳፋሪና ጓዝ የጫነ ሚኒባስ መጠነ ቁሱ 2,700 ኪሎ ግራም ነው ብለን እንነሣ። መኪናው 1,000 ሜትር ከፍታ ቢወርድ የሚለቀው እምቅ ጉልበት፣ መጠነ ቁሱ በስበት ሽምጠጣና በከፍታው ሲባዛ፣ 26.5 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሆናል። ይህ ጉልበት ሁሉ ውሃ ለማሞቅ ቢውል 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረን 80 ሊትር ውሃ፣ ማለትም አራት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ለማፍላት ይበቃል። ጉልበት ደግሞ አይጠፋም፤ መልኩን ይለውጣል እንጂ። ከፊሉን የጎማዎቹ መንከባለልና የአየሩ ተቃውሞ ይወስዱታል። የቀረውን ሞተሩ ካልተካፈለው የሚያርፈው በፍሬኑ ብረትና በፍሬኑ ሸራ ላይ ነው።

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የእግሩን ኃይል ወደ አራቱ ጎማዎች የሚያደርሰው የፍሬን ዘይት ነው። ስሙ ዘይት ይባል እንጂ የምናውቀው ዓይነት ዘይት አይደለም፤ መሠረቱ ግላይኮል ኢተር የተባለ፣ ውሃን አጥብቆ የሚወድ ኬሚካል ነው። ከአየሩ ላይ፣ በላስቲክ ቱቦዎቹም ውስጥ ሳይቀር፣ ቀስ በቀስ እርጥበት ይመጣል። ዶት 3 የሚል ምልክት ያለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ ግን መመዘኛው የሚጠይቀው 140 ዲግሪ ብቻ ነው። ዶት 4 ከ230 ወደ 155 ይወርዳል። በዓመት ሁለት የዝናብ ወቅት በሚፈራረቅበት በጌዴኦ አየር፣ ለዓመታት ያልተለወጠ የፍሬን ዘይት ምን ያህል ውሃ ሊጠጣ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ዘይቱ ቢፈላ ምን ይሆናል? ፈሳሽ አይታመቅም፤ ፍሬንም የሚሠራው በዚሁ ባሕርይ ነው። እንፋሎት ግን እንደ ስፖንጅ ይታመቃል። በቱቦው ውስጥ ጥቂት አረፋ ከተፈጠረ የሾፌሩ እግር አረፋውን ይጨምቃል እንጂ ጎማውን አይዝም፤ ፔዳሉም እስከ ወለሉ ይሰምጣል። «ፍሬን እምቢ አለ» ከሚባሉት አደጋዎች መካከል አንዳንዶቹን ከባድ የሚያደርጋቸው ምርመራው ነው፤ ዘይቱ ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፣ ፔዳሉም ምንም እንዳልሆነ ይጠነክራል።

እዚህ ላይ ስለ ዜሮ ማርሽ አንድ ነገር ሳንል አናልፍም። ናፍጣ ለመቆጠብ ሲሉ ቁልቁለቱን በዜሮ ማርሽ የሚወርዱ ሾፌሮች አሉ። በእነዚህ የዲዝል ሞተሮች ግን መኪናው በማርሽ ላይ ሆኖ እግር ከነዳጅ ፔዳሉ ሲነሣ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ያለ እስከሆነ ድረስ የናፍጣ ፓምፑ መርጨት ያቆማል፤ ሞተሩን የሚያሽከረክሩት ጎማዎቹ ናቸው። በዜሮ ማርሽ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ናፍጣ ማቃጠሉን ይቀጥላል። ስለዚህ ፍሬን በሚያስረግጥ ቁልቁለት ላይ ቁጠባው የለም፤ ያ ሁሉ ጉልበት ግን ወደ ፍሬኑ ይሄዳል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ የባሰ ነው። በብዙዎቹ ቆየት ያሉ የሃይኤስ ዲዝሎች ለፍሬን ሰርቮ አየር የሚመጥው ፓምፕ ከዲናሞው ጋር ተያይዞ የሚዞር በመሆኑ፣ ሞተር ሲጠፋ እገዛው ከጥቂት ረገጣ በኋላ ያልቃል። ዲዝል ሞተር መኪናን በመያዝ ከቤንዚን ሞተር ይደክማልና፣ ቁልቁለቱ ሳይጀመር ማርሹን ዝቅ ማድረጉ ይበጃል።

ወደ ራዲያተሩ እንለፍ። ውሃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ፣ በዲላ በ95 ገደማ፣ በ3,000 ሜትር ደግሞ በ90 ገደማ ይፈላል፤ ምክንያቱም የአየሩ ግፊት ከ101 ኪሎ ፓስካል ወደ 84፣ ከዚያም ወደ 70 ይወርዳል። የሞተር መደበኛ የሥራ ሙቀት ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ነው። እንግዲህ በደጋው ላይ ውሃው ሞተሩ ምንም ሳይታመም ሊፈላ ነው ማለት ነው። ይህን የምትከለክለው የራዲያተሩ ክዳን ናት። በውስጧ ያለው ስፕሪንግ ከውጭው በላይ እስከ 90 ኪሎ ፓስካል የሚደርስ ግፊት ስለሚያምቅ፣ በ3,000 ሜትርም ቢሆን የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ስፕሪንጓ የላላ፣ ጎሚኒዋ የደረቀ ክዳን ያላት መኪና በዲላ ከተማ ውስጥ ደኅና ውላ ደጋው ላይ የምትፈላው በዚህ ምክንያት ነው። ሞተሩ ከመፈታቱ በፊት ይህችን ትንሽ ዕቃ መለወጥ የሚያዋጣ ይመስለናል።

የጋለ ራዲያተር ክዳን የማይከፈተውም በዚሁ ሕግ ነው፤ ግፊቱ ድንገት ሲለቀቅ ከመፍያው ነጥብ በላይ ያለው ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይወጣል። በጋለ ሞተር ላይ የወንዝ ውሃ መድፋትም ቴስታታውን እኩል ባልሆነ መጠን ያኮማትረዋል፤ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል፣ ጋርኒሲዮኑም ይቃጠላል። ሞተሩ ጠፍቶ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞና ጎማው በድንጋይ ተደግፎ ግማሽ ሰዓት ያህል መጠበቅ ብዙ ብር ያድናል። የወንዝና የጉድጓድ ውሃ ከነማዕድኑ ስለሚገባ በቀጫጭኖቹ ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል፤ ስለዚህ ንጹሕ ውሃና የራዲያተር ፈሳሽ ተደባልቆ ቢጨመር ይሻላል።

የቀሩትን በአጭሩ እናንሣ። በ3,000 ሜትር የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛው ብቻ ስለሆነ፣ ተርቦ የሌለው ዲዝል በዳገት ላይ ጥቁር ቢያጨስ ከፓምፑ በፊት የአየር ፊልትሮው ይታይ። 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል የተባሉት ሞተሮች ታይሚንግ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይለወጣል፤ ቢበጠስ ፒስተንና ባልቦላ ይጋጫሉ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው የማይሠራ መኪና የገዛ ሰው ቺንጋውን በመጀመሪያው ሳምንት ቢለውጥ አይጸጸትም።

የፍሬን ዘይቱ በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ተጠርጎ ይውጣ። መደቡን ሳያዩ ከመደርደሪያ የተገኘውን መጨመር አይገባም፤ በተለይ የሞተር ዘይት ከገባ ጎሚኒዎቹን ሁሉ አሳብጦ ያበላሻል። ተከፍቶ የቆየ ጠርሙስም እርጥበት መጥጧልና፣ ትንሹን ጠርሙስ ገዝቶ የተረፈውን ለከርሞ አለማስቀመጥ ይመረጣል። ዘይቱ የተለወጠበት ቀን በወረቀት ተጽፎ በማጠራቀሚያው ክዳን አጠገብ ቢለጠፍ፣ መኪናው ከአንዱ ጋራዥ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ሾፌር ወደ ሌላው ሲዛወር መጠየቅ ሳያስፈልግ ይነበባል።