በራም ላይ የሚፈረድ የችኮላ ፍርድ

ባዮሱ አፕዴት የተደረገ ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ዳግም ሲነሣ ፋኑ ይዞራል፣ ኪቦርዱ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን እንደጠቆረ ይቀራል። ማዘርቦርዱ ላይ «ድራም» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ያለችው ትንሽ መብራት አልጠፋ ካለች ደግሞ ብዙ ሰው ሌላ ማስረጃ አይፈልግም፤ ራሙ ተቃጥሏል ይልና አዲስ ሊገዛ ይነሣል። ይህ ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ የችኮላ ነው። ባዮስ ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት ሃርድዌሩን የሚቀሰቅስ ፕሮግራም ነው፤ አፕዴት ሲደረግም የሚጻፈው ማዘርቦርዱ ላይ በተበየደች አንዲት ትንሽ ፍላሽ ቺፕ ውስጥ እንጂ ራሙ ላይ አይደለም። ከአፕዴቱ በፊትም በኋላም ራሙ ያው ራም ነው፤ የተለወጠው ማዘርቦርዱ ራሙን የሚያስነሣበት መመሪያ ነው። ስለዚህ ምርመራው መጀመር ያለበት ከተለወጠው ነገር ነው፤ ይህ ደግሞ ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም።

ራም ሲነሣ ምን እንደሚደረግለት ማወቅ ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ዛሬ ራምን የሚያዘው መቆጣጠሪያ ያለው ፕሮሰሰሩ ውስጥ ነው። በሰከንድ 6,000 ሚሊዮን ጊዜ ዳታ በሚያስተላልፍ ዲዲአር5 ራም ላይ ለአንዷ ቢት የሚደርሳት ጊዜ 167 ፒኮሰከንድ ገደማ ነው፤ ብርሃን እንኳ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚሄደው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ጊዜው እንዲህ ሲጠብ በፕሮሰሰሩና በራሙ መካከል ያሉት የመዳብ መስመሮች ርዝመት፣ የሙቀቱ መጠን፣ አንዱ ቺፕ ከሌላው ያለው ጥቃቅን ልዩነት ሁሉ ዋጋ ያገኛል። ማዘርቦርዱ ታዲያ የሲግናሉን መዘግየትና ቮልቴጁን እየቀያየረ፣ እየጻፈና መልሶ እያነበበ ትክክለኛውን ልክ ይፈልጋል፤ ክራር ከመመታቱ በፊት እንደሚቃኝ ማለት ነው። ሥራው ሚሞሪ ትሬኒንግ ይባላል፤ አሠራሩ የተጻፈውም ባዮሱ ውስጥ ነው። አዲስ ባዮስ ሲጫን አሠራሩ ሊለወጥ ይችላል፤ ቀድሞ ተገኝቶ የተቀመጠው ውጤትም ይሰረዝና ፍለጋው ከዜሮ ይጀምራል። ዲዲአር5 ያላቸው ኮምፒውተሮች፣ በተለይም እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣውን የኤኤምዲ ኤኤም5 ሶኬት የሚጠቀሙት፣ ይህን ለመጨረስ ደቂቃዎች ሊፈጁ ይችላሉ። እስከዚያ ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ የድራም መብራትም እንደበራ ነው። ባለቤቱ ሞቷል ብሎ ሲያጠፋው ትሬኒንጉ ይቋረጣል፤ መልሶ ሲያበራው ደግሞ ሥራው ከመጀመሪያው ይነሣል። ይህ ሦስት አራት ጊዜ ከተደጋገመ ጤነኛው ኮምፒውተር የእውነት የሞተ ይመስላል።

ሌላው ግራ የሚያጋባ ነገር ሣጥኑ ላይ የታተመው ቁጥር ነው። 6000 የሚል ራም የገዛ ሰው 6000 መብቱ ይመስለዋል። እያንዳንዱ ራም ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ ግን ሁለት ዓይነት መረጃ ይዛለች። አንዱ ራሙ ያለ ችግር ሊነሣበት የሚገባው መደበኛ ፍጥነት ነው፤ ለዲዲአር5 ብዙ ጊዜ 4800 ሆኖ በ1.1 ቮልት ይሠራል። ሌላው በኢንቴል በኩል ኤክስኤምፒ፣ በኤኤምዲ በኩል ኤክስፖ የሚባለው፣ ቮልቴጁን ብዙ ጊዜ እስከ 1.35 ድረስ ከፍ አድርጎ ከመደበኛው በላይ የሚያስሮጠው ነው። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች በይፋ ያስቀመጠው ወሰን ሁለት ራም ሲሰካ 5200፣ አራት ሲሰካ 3600 ነው። ከዚያ በላይ ያለው ሁሉ ከተሳካ እሰየው፣ ካልተሳካ የሚወቀስ የለም፤ ይህን ሣጥኑ ላይ በትልቁ የሚጽፍ አምራች ግን የለም። የባዮስ አፕዴት አብዛኛውን ጊዜ ሴቲንጉን ወደ መነሻው ስለሚመልሰው ኤክስፖ ይጠፋል። አንዱ ባለቤት ፍጥነቱ ወርዶ ሲያይ ራሙ ደክሟል ይላል። ሌላው ኤክስፖን መልሶ ሲያበራ አዲሱ ባዮስ በዚያ ፍጥነት መቃኘት ያቅተውና ጥቁር ስክሪን ያመጣል። በተለያየ ጊዜ ከተለያየ ሱቅ የተገዙ ሁለት የራም ጥንዶች አንድ ላይ ሲሰኩ ይህ በጣም የተለመደ ነው፤ በአሮጌው ባዮስ ለወራት በሰላም መሥራታቸው ለአዲሱ ዋስትና አይሆንም።

እንግዲህ መጀመሪያ መጠበቅ ነው፤ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይነኩት መተው ብዙ ገንዘብ ያድናል። ካልተነሣ የኤሌክትሪክ ገመዱን ነቅሎ ሲሞስ የሚባለውን ሴቲንግ ማጽዳት ይከተላል። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችውን ሲአር2032 የተባለች ክብ ባትሪ ለጥቂት ደቂቃ ማውጣት፣ ወይም መመሪያው በሚያሳየው ቦታ ያሉትን ሁለት ፒኖች ማገናኘት ይበቃል። ከዚያ አንድ ራም ብቻ አስቀርቶ ማዘርቦርዱ በሚመክረው ስሎት፣ አራት ስሎት ባላቸው በአብዛኞቹ ላይ ከፕሮሰሰሩ በኩል ሁለተኛው በሆነው፣ ቀጭ እስኪል ተጭኖ መሰካትና እንደገና መጠበቅ ያስፈልጋል። ከተነሣ ሁለተኛውን ራም በዚያው ስሎት መሞከር፣ ቀጥሎም ጤነኛነቱ የታወቀውን ራም ወደ ሌላው ስሎት ማዛወር ነው። ችግሩ ራሙን ተከትሎ ከሄደ ጥፋቱ የራሙ ነው። ከስሎቱ ጋር ከቀረ ደግሞ ዓይን ከራሙ ላይ ይነሣ፤ የተጣመመ የሶኬት ፒን ወይም ሚዛኑን ስቶ የታሰረ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ አንድን የራም መስመር በሙሉ ሊያጠፋ ይችላል። 32 ጊጋባይት የነበረው ኮምፒውተር 16 ብቻ ሲያሳይ አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ ይኸው ነው።

«ራም ግን የእውነትም ይበላሻል» የሚል መከራከሪያ አለ፤ ተገቢም ነው። ጉግል በራሱ ሰርቨሮች ላይ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ጥናት በዓመት ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ የሚሆኑት ራሞች ስህተት እንዳሳዩ አስታውቋል። አብዛኛው ስህተት በሰርቨሩ ራስ በራስ የሚታረም ነበር፤ የቤት ኮምፒውተር ግን ብዙውን ጊዜ ይህ ማረሚያ የለውም። ይሁንና ጥናቱ የሚያረጋግጠው መመርመር እንደሚገባ እንጂ ምርመራን ዘሎ መግዛት እንደሚገባ አይደለም። ድሮውኑም ጠርዝ ላይ የቆመ ራም በአሮጌው ባዮስ ተደብቆ ቆይቶ አዲሱ ሊያጋልጠው ይችላል፤ ይህን የሚለየው ደግሞ ፈተና ነው። ሜምቴስት86ፕላስ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ዩኤስቢ ፍላሽ ላይ ጭኖ፣ ኤክስፖን አጥፍቶ ለብዙ ሰዓት ማስኬድ ያስፈልጋል። በመደበኛ ፍጥነት ንጹሕ ሆኖ በኤክስፖ ብቻ ስህተት የሚያወጣ ራም ለመጣል አይደርስም፤ ፍጥነቱን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ይበቃዋል። የስህተት መልእክት ደግሞ ሁልጊዜ አይታመንም። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ሲናጉ አንዳንድ ጌሞች የቪዲዮ ሚሞሪ አለቀ የሚል መልእክት ያወጡ ነበር፤ ጥፋቱ ግን የፕሮሰሰሩ ነበር።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ባዮስን አለመንካት ነው» የሚል ሰውም አይጠፋም። የሚሠራን ነገር አትነካካ የሚለው ምክር ብዙ ጊዜ ልክ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 አንዳንድ ራይዘን 7000 ፕሮሰሰሮች ኤክስፖ ሲበራ በሚመጣ ከፍተኛ ቮልቴጅ ሲቃጠሉ፣ ኤኤምዲ የፕሮሰሰሩን ቮልቴጅ በ1.3 የገደበው በባዮስ አፕዴት ነው። ኢንቴልም በኦገስት 2024 ለ13ኛና ለ14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ ያወጣው ማስተካከያ የደረሰው በዚሁ መንገድ ነው። እነዚህን አፕዴቶች የዘለለ ሰው ፕሮሰሰሩን ለአደጋ ትቷል። ትልቁ አደጋ ያለው አፕዴቱ መሐል ላይ ሲቋረጥ ነው፤ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ያለ ዩፒኤስ መጀመር ቁማር ነው። ያኔ የሚጎዳውም ባዮሱ ነው። ፍላሽባክ የሚባል ቁልፍ ያለው ማዘርቦርድ ከሆነ ፋት32 ተደርጎ ከተዘጋጀ ፍላሽ ላይ ያለ ፕሮሰሰርና ያለ ራም ባዮሱን እንደገና መጻፍ ይችላል። ዲስክ የሚቆልፈውን ቢትሎከር የሚጠቀም ሰው ደግሞ የማስመለሻ ቁልፉን ከአፕዴቱ በፊት ወረቀት ላይ ያስፍር፤ ራሙ ተስተካክሎ ዲስኩ አልከፈት ማለቱ የባሰ ነው።

ወደ አሮጌው ባዮስ መመለስ ብዙዎች ቀድመው የሚያስቡት መፍትሔ ነው፤ መምጣት ያለበት ግን ኋላ ላይ ነው። አንዳንዱ ማዘርቦርድ ጭራሽ አይፈቅድም፤ የሚፈቅደውም ቢሆን ከላይ የተነሡትን ዓይነት ማስተካከያዎች አብሮ ይወስዳል። ሁለቱም ራሞች በመደበኛ ፍጥነት ፈተናውን አልፈው በአዲሱ ባዮስ ብቻ ከተናጉ መመለሱ ተገቢ ነው፤ አምራቹ ቀጣዩን ሲያወጣ እንደገና ይሞከራል። አንዱ ራም በሌላ ስሎት ወይም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጭምር በመደበኛው ፍጥነት ስህተት ካወጣ ግን ነገሩ አበቃ፤ ተበላሽቷል። ያኔም ቢሆን ሌላ ከመግዛትዎ በፊት ደረሰኝዎን ይፈልጉ፤ ታዋቂዎቹ የራም አምራቾች ለብዙ ምርቶቻቸው ዕድሜ ልክ የሚባል ዋስትና ይሰጣሉ። የገዙት ጥንድ ከሆነ ሁለቱንም አብረው ይመልሱ፤ አንዱን ብቻ ቀይሮ ከአሮጌው ጋር ማጣመር ያንኑ የቅኝት ችግር እንደገና ሊያመጣ ይችላል።