የሰው ጉልበትና የሐኪም እጅ፦ ለመተማ ቆላ የሚስማማ መሣሪያ እንዴት ይመረጣል?



አንድ ጉባኤ ገንዘብ አዋጥቶ ለጤና ጣቢያ ወይም ለአትክልት ቦታ መሣሪያ ለመግዛት ሲነሣ፥ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ዋጋው ስንት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዋጋ የሚቀድሙ ሌሎች ጥያቄዎች አሉ፤ እነርሱም፦ መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ማን ነው? በምን ኀይል? ሲቆሽሽ በምን ይጸዳል? ሲሰበርስ ማን ይጠግነዋል? የሚሉ ናቸው።

እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ የሚላክ ዕቃ ምን እንደሚደርስበት በቁጥር ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣ አንድ ጥናት በ16 ታዳጊ አገሮች ከ112,000 በላይ የሕክምና መሣሪያዎችን መዝገብ መርምሮ፥ ከመቶው 38ቱ የማይሠሩ መሆናቸውን ገልጿል። ከምክንያቶቹ ዋና ዋናዎቹ የሠራተኛ ሥልጠና አለመኖር፥ የአያያዝና የጥገና ጉድለት፥ የመብራትና የውሃ እጥረት ናቸው። ዕቃው በራሱ መጥፎ ስለ ሆነ ብቻ አልነበረም፤ ከስፍራው ጋር ስላልተስማማ ነው።

በዚህ ጽሑፍ በሰው ጉልበት የሚሠሩ መሣሪያዎችንና የቀዶ ጥገና ዕቃዎችን የሚነድፉ ባለሙያዎች ምን እንዳጠኑ፥ ለመተማና ለምዕራብ ጎንደር ቆላ ምን እንደሚጠቅመን እንገልጻለን።

ስፍራው

ለማያውቁት ወገኖች በአጭሩ ለመናገር፥ መተማ ዮሐንስ ከጎንደር ከተማ በስተ ምዕራብ ወደ 180 ኪሎ ሜትር ርቃ ከሱዳኗ ጋላባት ጋር ፊት ለፊት የምትተያይ የድንበር ከተማ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ገንዳ ውሃ ናት። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ፥ መተማ 700 ሜትር ያህል ብቻ ላይ ናት። ከዝናቡ በፊት ባሉት ወራት ሙቀቱ 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ያልፋልም። ክረምት ሲገባ ደግሞ ጥቁሩ መረሬ መሬት ጭቃ ይሆንና ከዋናው መንገድ የራቁት ቀበሌዎች ለመኪና አይመቹም። ሰሊጥ በሚታረምበትና በሚታጨድበት ወራት ከደጋው ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በሱዳን ጦርነት ከተነሣ በኋላም ብዙ ስደተኞች በመተማ በኩል ገብተዋል።

እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ መብራት ሲጠፋ፥ መንገድ ሲዘጋ፥ በሽተኛ ሲበዛ የሚሠራ መሣሪያ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ የማይጠፋው ኀይል የሰው ጉልበት ነው። ይሁን እንጂ የሰው ጉልበት ልክ አለው።

የሰው ጉልበት ልክ

አንድ ጤነኛ ጎልማሳ ለረጅም ሰዓት ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኀይል ወደ 75 ዋት ነው። ለጥቂት ሰኮንዶች ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ሊሰጥ ይችላል፤ ነገር ግን አይዘልቅም። አንድ ኪሎ ዋት የሚሰጥ ትንሽ ሞተር 13 ሰዎች የሚሠሩትን ይሠራል ማለት ነው። ነዳፊዎች ከእጅ ይልቅ እግርን የሚመርጡትም ስለዚህ ነው፤ ከሰውነታችን ጡንቻዎች ሁሉ ትልልቆቹ በጭንና በዳሌ ላይ ያሉት ናቸው፥ የሰውዬውም ክብደት ያግዛል።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ሲሠራ ሰውነቱ ከሚያነደው ምግብ ሩቡ ያህል ብቻ ሥራ ይሆናል፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ በላብ መውጣት አለበት። አየሩ ራሱ ሲግል ይህ ሙቀት በቀላሉ አይወጣም። ስለዚህ በደጋ ወይም በውጭ አገር የተለካ የሥራ መጠን ለመተማ ቀትር አይሆንም። ሥራው ማለዳና ወደ ማታ እንዲሆን፥ በጥላ ሥር እንዲሠራ፥ ሰዎች እንዲፈራረቁ፥ የሚጠጣ ውሃም እንዲኖር ከመሣሪያው ጋር አብሮ መታቀድ አለበት።

ፓምፕ ውሃን አይስብም

በእግር የሚረገጠው ፓምፕ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ይህ ፓምፕ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) በሰሜን ምዕራብ ባንግላዴሽ፥ የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ያካሂደው በነበረው የተራድኦ ፕሮግራም ውስጥ፥ ጉናር ባርንስ በተባለ ሰው ተነደፈ። ሁለት ሲሊንደሮች ጎን ለጎን ይቆማሉ፤ ሰው በሁለት የቀርከሃ እንጨቶች ላይ ቆሞ እንደ መራመድ ይረግጣል፤ አንዱ ፒስተን ሲወርድ ሌላው ይወጣል። በመንደር ብረት ሠሪ ሊሠራና ሊጠገን የሚችል ስለ ነበረ በዚያ አገር ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

ብዙዎቻችን ፓምፕ ውሃን የሚስብ ይመስለናል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ፓምፑ በቱቦው ውስጥ ያለውን አየር ያወጣል፤ ከዚያ በኋላ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋው በጉድጓዱ ላይ የተጫነው የውጭው አየር ነው። አየርም ክብደቱ ልክ አለው። በባሕር ወለል ላይ ውሃን ከ10 ሜትር እምብዛም አያሳልፍም፤ በመተማ ከፍታ 9 ሜትር ተኩል ያህል፥ ከ2,000 ሜትር በላይ ደግሞ 8 ሜትር ያህል ነው። ቫልቭና መጋጠሚያ ስለሚያሾልክ በሥራ ላይ 6 ወይም 7 ሜትር ብንል ይበቃል። ጉድጓዱ ከዚያ የጠለቀ ከሆነ የቱንም ያህል ቢረገጥ ውሃ አይመጣም፤ ጥፋቱም የረጋጩ አይደለም።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። 75 ዋት የሚሰጥ ሰው ግማሹ ኀይል በሰበቃ ቢጠፋበት፥ ከ6 ሜትር ጥልቀት በአንድ ሰዓት 2,300 ሊትር ያህል ያወጣል። በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር አትክልት በቀን 6 ሊትር ያስፈልጋል ብንል፥ ይህ 380 ካሬ ሜትር ጓሮ ያጠጣል። ለአንድ ቤተሰብ ሽንኩርትና ቲማቲም ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሄክታር ለማጠጣት ግን 26 ሰዓት መርገጥ ያስፈልጋል፤ ቀኑ ደግሞ 24 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ በጓንግ ወይም በሽንፋ ወንዝ ዳር ላለ ጓሮ የእግር ፓምፕ ይስማማል፤ ለሰፊ ማሳ ግን የሞተር ወይም የፀሐይ ኀይል ፓምፕ እንጂ የሰው እግር አይበቃም። ይህን ሳያሰሉ ለሰፊ ማሳ መስጠት ገበሬውን ማድከም ነው።

ጥልቀቱ ከ7 ሜትር ሲያልፍ ሌላ ንድፍ ይፈለጋል። የገመድ ፓምፕ አንዱ ነው፤ ጎማ የተሰካበት ገመድ በቱቦ ውስጥ እየዞረ ውሃውን ከታች ተሸክሞ ያወጣል፥ በአየር ግፊት አይመካም። በክልላችን በባሕር ዳር ዙሪያ በሮቢት፥ በዳንግላ ወረዳም በዳንግሽታ ከገበሬዎች ጋር ተሞክሯል። ሌላው በአገራችን በብዙ ስፍራ የሚታየው አፍሪዴቭ የተባለው የእጅ ፓምፕ ነው። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በማላዊና በኬንያ ሲነደፍ የተሰጠው ትእዛዝ «መንደሩ ራሱ ይጠግነው» የሚል ነበር። ሲሊንደሩ ከውሃው ውስጥ ይቀመጣል፤ ቢበላሽ ግን ቱቦው ሁሉ ሳይነቀል በአንድ ቁልፍ ተፈትቶ ፒስተኑ ብቻ ይወጣል፥ ጎሚኒው ይለወጣል። ንድፉም የማንም የግል መብት ስላልሆነ ማንም ፋብሪካ ሊሠራው ይችላል።

ነዳፊዎች የሰውን ጉልበት ብቻ ሳይሆን ክብሩንም መጠበቅ አለባቸው። በኬንያ የእግር ፓምፕ የሠሩ ባለሙያዎች ፔዳሉን ከመሬት ብዙ እንዳይርቅ አደረጉ፤ ረጅም ቀሚስ የለበሰች ሴት ከፍ ብላ በሰው ፊት ስትረግጥ እንዳታፍር ነው። ያለዚህ ማስተካከያ ፓምፑ ቢሠራም ሴቶች አይነኩትም ነበር። ውሃ የምትቀዳው ደግሞ በአብዛኛው ሴት ናት።

እግር ሲሠራ እጅ ነጻ ይሆናል

በቀዶ ጥገና ክፍልም ያው የአየር ሕግ ይሠራል። በእግር የሚረገጥ የመምጠጫ መሣሪያ አለ። ከጠርሙስ ጋር ሁለት ቱቦዎች ይያያዛሉ፤ አንዱ ወደ መርገጫው፥ ሁለተኛው ወደ በሽተኛው ይሄዳል። መርገጫው የጠርሙሱን አየር ሲያወጣ የውጭው አየር ደሙን ወይም ትውከቱን ወደ ጠርሙሱ ይገፋዋል። መብራት አያስፈልገውም። የሐኪሙም እጅ ንጹሕ እንደ ሆነ ይቀራል።

ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ምጥ ጠንቶባት የምትታከም እናት በማደንዘዣ ላይ ሳለች ብታስመልስና ትውከቱ ወደ ሳንባዋ ቢገባ፥ ያለው ጊዜ የደቂቃዎች ነው። በዚያች ሰዓት በመብራት የሚሠራው መምጠጫ ቢቆም፥ በጠረጴዛው ሥር ያለው የእግር መርገጫ ሕይወቷን ሊያተርፍ ይችላል። እንዲሁም ትንፋሽ ላቆመ በሽተኛ በእጅ የሚጨመቀው የጎማ ከረጢት፥ በዴንማርክ ሆልገር ሄሰና ሄኒንግ ሩበን የሠሩትና እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረበው፥ እስከ ዛሬ የማይተካ ሆኖ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል።

ነገር ግን እነዚህም ልክ አላቸው። የሚረግጥ አንድ ረዳት ያስፈልጋል፥ እርሱም ይደክማል። ጠርሙሱ ሞልቶ ካለፈ ደሙ ወደ መርገጫው ገብቶ ቫልቩን ይደፍናል። ለተወለደ ሕፃን ኀይሉ ዝቅ ማለት አለበት። ስለዚህ መሣሪያው ሲመጣ ልምምዱም አብሮ መምጣት አለበት።

ማፍላት ብቻውን አይበቃም

የቀዶ ጥገና መቀስና መቆንጠጫ ሲነደፍ ነዳፊው ስለ ስለቱ ብቻ ሳይሆን ስለ አጠባው ያስባል። ደም የሚደበቀው በመጋጠሚያው፥ በጥርሶቹና በጠባቡ ስንጥቅ ውስጥ ነው። ብሎኑ ተፈትቶ ለየብቻ የሚታጠብ መቀስ ብሩሽ ለማይደርስበት መጋጠሚያ ይመረጣል። ቆሻሻ በላዩ ሳለ የሚቀቀል ዕቃ አይመክንም።

ውሃ ማፍላትም ብቻውን አያመክንም። ውሃ በመተማ ከ98 ዲግሪ በታች፥ በጎንደር ደግሞ በ93 ዲግሪ ያህል ይፈላል። የመንጋጋ ቆልፍ በሽታን የመሰሉትን የሚያመጡት ጠንካራ ዘሮች ግን ከዚያ የሚበልጥ ይችላሉ። ስለዚህ እንፋሎቱን አፍኖ 121 ዲግሪ የሚያደርስ፥ ክዳኑ የሚጠብቅ ድስት ያስፈልጋል። በላምባ ምድጃ ወይም በከሰል የሚሠራ ዓይነት ስላለ መብራት ባይኖርም ይቻላል። የክዳኑ ጎማና የግፊት መለኪያው ግን መለዋወጫ ይኑራቸው። በረኪናም ቢሆን ብረትን ይበላል፤ ዕቃውን በውስጡ ማሳደር ዝገትን መጥራት ነው።

ወረንጦ

የቅርባችን ምሳሌ ወረንጦ ነው። በትራኮማ ምክንያት የዐይን ቆብ ሲታጠፍ ፀጉሩ ብሌኑን ይፍቃል፤ ሰውዬውም ቀስ በቀስ ይታወራል። እናቶቻችን ፀጉሩን በወረንጦ ሲነቅሉ ኖረዋል። የአማራ ክልል ይህ በሽታ እጅግ ከጸናባቸው ስፍራዎች አንዱ በመሆኑ፥ ተመራማሪዎች ልማዱን በክልሉ በጥንቃቄ ፈተኑት። እ.ኤ.አ. በ2011 በወጣው ጥናት ሕመማቸው ቀላል የሆነ 1,300 ሰዎች በሁለት ተከፈሉ፤ እኩሌታዎቹ ቀዶ ጥገና ተደረገላቸው፥ እኩሌታዎቹ ጥሩ ወረንጦና ሥልጠና ተሰጣቸው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሕመሙ የባሰባቸው ከቀዶ ጥገናው ወገን ከመቶ 2 ያህል፥ ከወረንጦው ወገን 13 ያህል ነበሩ። በማየት ችሎታ ግን ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ቀዶ ጥገናው ይበልጣል፤ ቀዶ ጥገና ለማያገኝ ወይም ለማይፈልግ ሰው ግን ጥሩ ወረንጦ እውነተኛ እርዳታ ነው።

«ጥሩ» ያልነው ጫፉ የማይወጋ፥ ሁለቱ ከንፈሮቹ እኩል የሚገጥሙ፥ ፀጉሩን ሳይሰብር ከሥሩ የሚይዝ ነው። የተሰበረ ፀጉር ጉቶው ይበልጥ ይወጋልና።

የቀዶ ጥገናው ስልትም ተመዝኗል። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣ ሌላ የክልላችን ጥናት 1,000 ሰዎች በሁለት የተለያዩ ስልቶች ታከሙ። በዓመቱ ሕመሙ የተመለሰባቸው በአንዱ ስልት ከመቶ 13፥ በሌላው ከመቶ 22 ነበሩ። ሐኪሙ የሚመርጠው ስልት የበሽተኛውን ዐይን ዕድል ይለውጣል ማለት ነው።

ከመግዛታችን በፊት

እንግዲህ ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ እንዲመልሱ እናሳስባለን።

1. በየቀኑ የሚሠራበት ማን ነው? ሴት ናት ወይስ ወንድ? ቁመቱ፥ እጁ፥ ልብሱ ይስማማል?
2. በስንት ሰዓት ሥራ ምን ያህል ውጤት ይሰጣል? በቀትር ሙቀት ተሞክሯል?
3. መብራት ለሦስት ቀን ቢጠፋ ምን ይሆናል?
4. ጎሚኒው፥ ቫልቩ፥ ብሎኑ በገንዳ ውሃ ወይም በጎንደር ገበያ ይገኛል? ካልተገኘ የሁለት ዓመት መለዋወጫ አብሮ ይገዛል?
5. በስፍራው ባለው ውሃና ምድጃ መታጠብና መምከን ይችላል?
6. የሚያሠለጥን ማን ነው? የሠለጠነው ሰው ቢዛወር ማን ይተካዋል?

ከስድስቱ አንዱ መልስ ካጣ ገንዘቡ ይቆይ፤ መጀመሪያ ከጤና ጣቢያው ኀላፊ፥ ከአዋላጅዋ ወይም ከገበሬው ጋር ተማከሩ። አንድ ናሙና ልካችሁ አንድ ክረምትና አንድ በጋ ካሠሩት በኋላ የቀረውን ግዙ። መለዋወጫው፥ ሥልጠናውና መጓጓዣው የዋጋው ክፍል ሆነው ከመጀመሪያው በበጀቱ ይጻፉ።