ያገጠጠ ሁሉ አይስቅም

ዶልፊን የሚታወቀው በፈገግታው ነው። ቲክቶክ ላይ ሲዘል፣ ኳስ ሲያቀብል፣ ከሰው ጋር ሲዋኝ አይታችሁታል። ግን ያ «ፈገግታ» የመንጋጋው ቅርጽ እንጂ ስሜቱ አይደለም። ሲናደድም ሲታመምም ፊቱ ያው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ፖርፖይዝ የሚባሉ ትናንሽ የባሕር አጥቢዎች የጎድን አጥንታቸው ተሰባብሮ ሞተው ይገኙ ነበር። ተመራማሪዎች ነገሩን ሲያጣሩ ገዳዩ ዶልፊን ሆኖ ተገኘ። የሚገርመው ገደላቸው እንጂ አልበላቸውም። በዚያው ባሕር የገዛ ዘሩን ግልገሎች እንደሚገድልም ማስረጃ ተገኘ። በ2023 ደግሞ በጃፓኗ ፉኩይ ግዛት ዋናተኞችን የጎዳ፣ የአንዱንም ሰው የጎድን አጥንት የሰበረ ዶልፊን የዓለም ዜና ሆኖ ነበር።

«እኛ ባሕር የለን፣ ምን አገባን?» ካላችሁ ወደ አርሲ እንውጣ። ከጢቾ ደጋ ባሻገር፣ በላይኛው የዋቤ ሸበሌ ገደላማ ሸለቆ፣ ጭላዳ ይኖራል። አዎ፣ ጭላዳ! ስሙ ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው የሰሜን ተራሮችን፣ ቢበዛ የመንዝ ጓሳን ነው። ስለ አርሲዎቹ በሳይንስ መጽሔት የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። ለአካባቢው ሰው ግን ድሮም ጎረቤቶቹ ናቸው።

ጭላዳን ያየ ሰው ይወደዋል። ቁጭ ብሎ ሣር እየነጨ ይውላል፤ ከዝንጀሮ ወገን እንደሱ በሣር የሚኖር ሌላ የለም። ደረቱ ላይ ቀይ ምልክት፣ ትከሻው ላይ እንደ ካባ የሚወርድ ጠጉር አለው። ታዲያ ይህ ሣር በሊታ እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣ ጥናት በሌላ መልኩ ታየ። ጃፓናውያኑ አኪዮ ሞሪና ቶሺታካ ኢዋሞቶ፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አፈወርቅ በቀለ ጋር፣ አርሲ ውስጥ ወንድ ጭላዳ ግልገል የገደለበትን አጋጣሚ ጻፉ።

ለምን ይገድላል? ነገሩ የሥልጣን ጉዳይ ነው። አንድ አውራ ጭላዳ በርካታ ሴቶችን ይዞ ይኖራል። ሴት ያላገኙት ላጤዎች ደግሞ ተሰባስበው በዙሪያው እየዞሩ ቀን ይጠብቃሉ። አውራው የደከመ ሲመስላቸው ይገጥሙታል። በክራንቻ ነው የሚፋለሙት፤ ክራንቻቸው ደግሞ ቀላል አይደለም። አሸናፊው ቤቱን ሲረከብ ሴቶቹ የቀድሞውን አውራ ልጆች እያጠቡ ያገኛቸዋል። የምታጠባ እናት ቶሎ አታረግዝም፤ ግልገሏ ከሞተ ግን ቶሎ ለመፀነስ ትዘጋጃለች። አዲሱ አውራም ነገ በሌላ ላጤ መባረሩ ስለማይቀር ጊዜ የለውም። ስለ ዶልፊንም ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሴቶቹስ ዝም ብለው ያያሉ? እ.ኤ.አ. በ2012 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ የሰሜን ተራሮች ጥናት አስገራሚ ነገር አሳየ፤ አዲስ አውራ ሲመጣ ከነፍሰ ጡሮቹ 80 በመቶ ያህሉ ፅንሳቸው ይቋረጣል። ተወልዶ ለሚገደል ልጅ ወራት ከማባከን ሰውነታቸው ቀድሞ ያቆመዋል ማለት ነው። የተሸነፈው አባትም ብዙ ጊዜ ጥሎ አይሄድም። ማዕረጉን አጥቶ፣ ጥግ ይዞ እዚያው ይኖራል፤ ልጆቹን ከአዲሱ አውራ ለመጠበቅ ይረዳዋል።

ይህን ሰምቶ «ጨካኝ አውሬ» ማለት «የሚያምር አሻንጉሊት» እንደማለት ነው፤ ሁለቱም አይገልጹትም። ጭላዳ ሕግ ጥሶ አይደለም የሚገድለው፤ እኛም ዳኛው አይደለንም። ይልቅ ምልክቱን ማንበብ ይጠቅመናል። ጭላዳ የላይኛውን ከንፈሩን ወደ አፍንጫው ገልብጦ ድዱንና ጥርሱን ሲያሳይ አይታችኋል? ብዙ ቪዲዮ ላይ «ሲስቅ» እየተባለ ይለጠፋል። ሳቅ አይደለም፤ ተበሳጭቷል ወይም ተጨንቋል። ስልክ ይዛችሁ ከተጠጋችሁና ከንፈሩን ከገለበጠ ሴልፊው ይቅር፣ ቀስ ብላችሁ ወደ ኋላ በሉ። ብስኩትም አትወርውሩለት፤ ምግብ ከሰው እጅ መልመድ በኋላ ለሁለታችሁም ጠብ ያመጣል።

የአርሲው ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። እነዚህ ጭላዳዎች በስምጥ ሸለቆ ምክንያት ከሰሜኖቹ ዘመዶቻቸው ተነጥለው የሚኖሩ ናቸው። ቁጥራቸው ቢመናመን ከሰሜን ተሻግሮ የሚተካቸው የለም። እርሻ ገደል አፋፍ ድረስ በገፋ ቁጥር የሚግጡት ሣር ያንሳል፤ ሣር ሲያንስ ወደ ማሳ ይወጣሉ፤ ማሳ ከገቡ ደግሞ ከገበሬው ጋር ይጣላሉ። ገበሬውም እህሉን መጠበቁ አይፈረድበትም። አውራው የሚገድለውን ግልገል ማንም ሊያስጥል አይችልም። የገደሉን ሣር ግን ማትረፍ ይቻላል፤ እሱ በእኛ እጅ ነው።