የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና ፊልትሮ በቤት ሲቀየር

የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዋና ጠላት ሙቀት ነው። ከአዲስ አበባ ኢንጅባራ አጠገብ ወዳለው ወደ ዘንገና ሐይቅ የሚያመጣው መንገድ ደግሞ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ፣ ያንኑ ያህል ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል። አምስት ሰውና ጓዝ የጫነች ቶዮታ ቪትዝ ያን ዳገት ስትገፋ በካምቢዮዋ ውስጥ ያለው ዘይት ክፉኛ ይግላል። በሙያው የታወቀ ግምት አለ፤ ዘይቱ 80 ዲግሪ ሴልሺየስን ካለፈ በኋላ በየ10 ዲግሪው ጭማሪ ዕድሜው በግማሽ ያጥራል። በኢንጅባራና በዳንግላ መኪና የያዘ ሰው እንግዲህ «የካምቢዮ ዘይት አይቀየርም» የሚለውን ወሬ ትቶ በየ40,000 እስከ 60,000 ኪሎ ሜትር ቢቀይር ይበጀዋል።

ይህ ዘይት ከማለስለስ ያለፈ ሥራ አለው። በማንዋል መኪና የሞተሩን ጉልበት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈው ፍሪሲዮን ነው፤ በአውቶማቲክ ግን ያን የሚሠራው ዘይቱ ራሱ ነው። ማርሾቹም የሚቀያየሩት በዘይቱ ግፊት ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው የሚወስደውም እሱው ነው። ዓይነቱ ከተሳሳተ ወይም መጠኑ ከተዛባ ሦስቱም ሥራዎች አብረው ይበላሻሉ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ዓይነቱን ይለዩ። ብዙ ጊዜ በመለኪያው ዘንግ ላይ ወይም በመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል። በቆዩት ቶዮታዎች ቲ አራት፣ በኋላ በመጡት ደብሊው ኤስ የሚባለው ዘይት ይገባል፤ ሁለቱ አይደባለቁም። እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ የተሠሩ ብዙ ቪትዞች ደግሞ ካምቢዮአቸው ሲቪቲ ነው፤ የራሱን የሲቪቲ ዘይት እንጂ ሌላ አይቀበልም። «ለሁሉም ይሆናል» እየተባለ የሚሸጥ ዘይት ላይ እኔ እምነት የለኝም። መለኪያ ዘንግ የሌለው ካምቢዮ ከሆነም ሥራውን ለጋራዥ ይተዉት፤ የዘይቱ መጠን የሚታወቀው ሙቀቱ በመሣሪያ እየተለካ ነውና።

ዘንግ ላለው ግን ሥራው በቤት ይሆናል። ቦታው ጠንካራና ደልዳላ ይሁን፤ በክረምት የረጠበ ሣር ላይ ክሪኩ ይሰምጣል። መኪናው በክሪክ ብቻ ተንጠልጥሎ ከሥሩ እንዳይገቡ፤ በብረት ማቆሚያ ይደግፉት፣ መሬት የቀሩትን ጎማዎችም ከኋላና ከፊት በታኮ ያግዱ። ሞተሩን ጥቂት ደቂቃ አሙቀው ያጥፉ። ዘይቱ ለብ ሲል በደንብ ይወርዳል፤ ከጋለ ግን እጅ ያቃጥላል።

የማውረጃውን ብሎን ፈትተው ዘይቱን በንጹሕ ሳፋ ይቀበሉ። ሲበርድ በባለ 2 ሊትር የውሃ ሃይላንድ እየለኩ ስንት እንደወጣ ይጻፉ፤ የሚመለሰው ያው ነው። በትናንሽ የቤት መኪኖች ብዙ ጊዜ 3 ሊትር ገደማ ይሆናል። ጤነኛ ዘይት ቀላ ያለ ነው፤ ጠቁሮ የተቃጠለ ነገር የሚሸት ከሆነ ቆይቷል ማለት ነው።

ቀጥሎ ከሥር የተገጠመውን የዘይት መያዣ ያውርዱ። ብሎኖቹ ቢወጡም ውስጡ የቀረ ዘይት ስላለ በአንድ ጥግ ቀስ አድርገው ያዘንብሉት። በመያዣው ወለል ላይ ትናንሽ ማግኔቶች ያገኛሉ። በላያቸው የተጋገረው ግራጫ ጭቃ በጣት ሲታሽ እንደ ዱቄት ከላመ የተለመደ መበላት ነው። የሚቆረቁር የብረት ስባሪ ካለ ግን ካምቢዮው ውስጥ የተሰበረ ነገር አለና መካኒክ ይየው። ፊልትሮው ከዚያው በላይ ነው፤ ፈትተው ያውርዱት። የብሎኖቹ ርዝመት ሊለያይ ስለሚችል የትኛው ከየት እንደወጣ በካርቶን ላይ ሰክተው ያስቀምጡ። ማግኔቶቹንና መያዣውን ሲጠርጉ ክር የሚለቅ ጨርቅ አይጠቀሙ፤ አንዲት የክር ብናኝ ጠባቡን የዘይት መተላለፊያ ልትይዝ ትችላለች። አዲሱን ፊልትሮና ጓርኒሲዮን ካስገቡ በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በጣት ያስይዙ፣ ከዚያ በትይዩ እያፈራረቁ በትንሽ ኃይል ያጥብቁ። እዚህ ላይ ጉልበት ማሳየት ብሎኑን ይቆርጣል፣ ጓርኒሲዮኑንም ጨፍልቆ ያፈስሳል።

ዘይቱ የሚሞላው በመለኪያው ዘንግ ቀዳዳ በረዥም ማንቆርቆሪያ ነው። በፍጹም በግምት አይሙሉ። የወጣውን ያህል ከጨመሩ በኋላ ሞተሩን አስነስተው፣ ፍሬን ረግጠው፣ ማርሹን ከፒ እስከ መጨረሻው እያንዳንዱ ላይ ጥቂት ሰከንድ እየቆዩ አመላልሰው ወደ ፒ ይመልሱ። በአብዛኞቹ መኪኖች የሚለካው ሞተሩ እየሠራ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ የሞተር ዘይት ጠፍቶ ስለሚለካ ይህንም እንደዚያው ያየዋል። በዘንጉ ላይ የቀዝቃዛና የሙቅ ምልክት አለ። የዘንገና ጠዋት ብርድ ነውና ትክክለኛውን ንባብ የሚያገኙት መኪናውን ግማሽ ሰዓት ያህል ነድተው ከሙቁ ምልክት ጋር ሲያስተያዩ ነው። ከጎደለ ፓምፑ አየር ይስባል፤ ከበዛ ዘይቱ አረፋ ይደፍቃል። ውጤቱ አንድ ነው፤ ማርሹ ይንሸራተታል።

ያረጀውን ዘይት ሜዳ ላይ እንዳያፈሱት አጥብቄ እለምናለሁ። ዘንገና በእሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ጠርጎ የሚያወጣለት ወንዝ የለውም። ዘይቱን ክዳን ባለው ጀሪካን ይዘው የተቃጠለ ዘይት ለሚሰበስብ ጋራዥ ይስጡ።

አንድ ጊዜ መቀየር ሁሉንም ዘይት አያወጣም። ካምቢዮው በጠቅላላው 7 ሊትር ቢይዝና 3ቱ ብቻ ቢወርድ፣ አዲስ የሆነው 43 በመቶው ነው፤ ሁለተኛ ሲደገም 67፣ ሦስተኛ ሲደገም 81 በመቶ ይደርሳል። ዘይቱ ጠቁሮ ከነበረ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በኋላ ያለ ፊልትሮ አንዴ መድገም ጥሩ ነው። ዲ ላይ አስገብተው መኪናው ዘግይቶ የሚነሣ ወይም ዳገት ላይ ሞተሩ እየጮኸ የማይጎትት ከሆነ ግን በአውቶማቲኩ ውስጥ ማርሾቹን የሚይዙት ፍሪሲዮኖች አልቀዋል፤ አዲስ ዘይት አያድናቸውም፤ «ዘይት ቀይሬ ሞተብኝ» የሚባለውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ያለው ነው።