ጊዜን የሚጠብቅ ቺንጋ

ስለ መኪና ሞተር ሲነሣ አብዛኞቻችን አስቀድሞ የሚታሰበን ጉልበቱ ነው፤ ዳገቱን በስንተኛ ማርሽ እንደሚወጣ፣ ስንት ሰው እንደሚጭን እንጠያየቃለን። ይሁን እንጂ አየሩ በጊዜው ካልገባ፣ ጭሱም በጊዜው ካልወጣ ጉልበት የሚባል ነገር የለም። ይህን ጊዜ በብዙ ሞተሮች ውስጥ የሚጠብቀው ከጎማና ከመስታወት ጭረት የተሠራ ጥርሳም ቀበቶ ነው። በጋራዥ ቋንቋ ታይሚንግ ቺንጋ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ቺንጋው ምን እንደሚሠራና መኪናውን በግቢው አቁሞ በገዛ እጁ ሊቀይረው የሚሻ ሰው ከፊዚክስ ምን እንደሚማር እንመለከታለን።

ሁለት ለአንድ

ባለ አራት ምት ሞተር ሥራውን የሚፈጽመው በመሳብ፣ በማመቅ፣ በማቃጠልና በማስወጣት ነው። አራቱ ምቶች እስኪፈጸሙ ከፒስተኖቹ ጋር የተያያዘው ክራንክ ሻፍት ሁለት ጊዜ፣ ማለትም 720 ዲግሪ ይዞራል። በዚያው ጊዜ እያንዳንዱ ቫልቭ አንድ ጊዜ ብቻ መከፈት ስላለበት ቫልቮቹን የሚገፋው ካም ሻፍት 360 ዲግሪ ብቻ ይዞራል። ስለዚህ የካም ሻፍቱ ፑሌጃ የክራንክ ሻፍቱን እጥፍ ጥርስ አለው። የታችኛው 20 ቢሆን የላይኛው 40 ይሆናል ማለት ነው።

ነገር ግን የዙሩ ምጣኔ ብቻ አይበቃም። ሁለት ሰዓቶች እኩል ቢሄዱም አንዱ አሥር ደቂቃ ወደ ኋላ ከተሞላ ምንጊዜም አንድ ዓይነት ሰዓት አያሳዩም። በፊዚክስ ይህን የመነሻ ልዩነት ፌዝ እንለዋለን። ቺንጋው ጥርስ ያስፈለገውም ለዚሁ ነው፤ ለስላሳ ቺንጋ በጥቂቱ ስለሚንሸራተት ፌዙን አይጠብቅም። ቀድሞ ይህ ሥራ ለሰንሰለትና ለማርሽ የተተወ ነበር። ጥርሳም ቺንጋ በብዛት በተመረተ መኪና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው እ.ኤ.አ. በ1962 ማምረት በተጀመረው የምዕራብ ጀርመን ግላስ 1004 ላይ ነው።

ቺንጋውን ስንገጥም አንድ ጥርስ ብንስት ስሕተታችን ምን ያህል ነው? በባለ 20 ጥርሱ ፑሌጃ ላይ አንድ ጥርስ 18 ዲግሪ ነው። በደቂቃ 3,000 ዙር የሚዞር ሞተር በሴኮንድ 18,000 ዲግሪ ይዞራል። እንግዲህ አንድ ጥርስ የአንድ ሺሕኛ ሴኮንድ ስሕተት ነው። በዚህች ቅጽበት ምክንያት ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበት ያጣል፣ ነዳጅ ያባክናል።

ቺንጋው ሲበጠስ

ቺንጋው በጉዞ ላይ ቢበጠስ ካም ሻፍቱ በቫልቭ ሞላዎች ግፊትና በሰበቃ ወዲያው ይቆማል። ክራንክ ሻፍቱ ግን ቶሎ አይቆምም። 1,000 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 139 ኪሎ ጁል ገደማ ነው። መኪናው ማርሽ ውስጥ እስካለ ድረስ ጎማዎቹ ሞተሩን ያዞሩታል፤ ፒስተኖቹም ተከፍተው ወደ ቀሩት ቫልቮች ይወጣሉ።

ከዚያ በኋላ የሚሆነው በሞተሩ አሠራር ይወሰናል። በቶዮታ ኮሮላ ላይ የተገጠመው 4ኤ-ኤፍኢ የቤንዚን ሞተር ለሁለቱ የሚበቃ ክፍተት ስላለው ይቆማል እንጂ ቫልቩ አይታጠፍም። በናፍጣ ሞተር ግን አየሩ ነዳጁን እስኪያቀጣጥል ታምቆ መሞቅ ስላለበት፣ ፒስተኑ ከላይ ሲደርስ የሚተርፈው ቦታ እጅግ ጠባብ ነው። ቫልቭና ፒስተን ይጋጫሉ፤ ቴስታታው መውረዱ አይቀርም። ይህ በቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ መሪው ይከብዳል፣ የፍሬኑም አጋዥ ኃይል ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ያልቃል።

በአገራችን መንገዶች የምናውቃቸው የቶዮታ ሃይሉክስ 2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ቺንጋ ያላቸው የናፍጣ ሞተሮች ናቸው። በብዙዎቹ ዳሽቦርድ ላይ የመቀየሪያውን ጊዜ የሚያስታውስ «ቲ-ቤልት» የተባለ መብራት አለ። መብራቱ ግን የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ ቺንጋውን አይመረምርም። ጎማ በሙቀት ይደርቃል፣ ዘይት ሲነካው ይላላል፣ መኪናው ቆሞም ያረጃል። ስለሆነም ያገለገለ መኪና የገዛ ሰው የቺንጋውን ታሪክ በማስረጃ ካላወቀ፣ ሳይቃጠል በቅጠል ብሎ መቀየሩ ይበጀዋል።

በገዛ እጅ

በቅድሚያ የዚያኑ ሞተር የጥገና መጽሐፍ መያዝ ያስፈልጋል። መኪናው በደልዳላ ቦታ፣ በእጅ ፍሬንና በታኮ ይቁም፤ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ሞተሩ ይቀዝቅዝ፤ የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ይነቀል።

በቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹን ካወጣን በኋላ ክራንክ ሻፍቱን በተለመደው የዙር አቅጣጫ በቁልፍ እያዞርን አንደኛውን ፒስተን ከላይ እናደርሳለን። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል። የክራንክ ሻፍቱ ምልክት በአንድ ሙሉ ዑደት ሁለት ጊዜ ይገጥማል፣ የካም ሻፍቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። ሁለቱም ምልክቶች ባንድነት ካልገጠሙ አንድ ዙር መጨመር አለብን።

አሮጌው ቺንጋ ከወጣ በኋላ ሁለቱንም ሻፍቶች ማዞር አይገባም። መወጠሪያው በእጅ ሲዞር የሚንኳኳ ከሆነ አብሮ ይቀየር፤ በብዙ ሞተሮች የውኃ ፓምፑንም የሚያዞረው ይኸው ቺንጋ ስለሆነ ፓምፑን በዚያው መመርመር ድካም ያድናል። አዲሱን ቺንጋ ማጠፍ ክልክል ነው፤ የመስታወት ጭረት መወጠርን ይችላል፣ መታጠፍን ግን አይችልም። ሲገጠም ልቅ ወገኑ በመወጠሪያው በኩል ይቅር። የላላ ቺንጋ ጥርስ ይዘላል፤ ከልክ በላይ የተወጠረም ኩሽኔታዎችን ይበላል።

ከሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ሙከራ ነው። ሞተሩን ከማስነሣታችን በፊት ክራንክ ሻፍቱን በእጅ ቀስ ብለን ሁለት ሙሉ ዙር እናዞራለን። ሁለት ዙር የሆነበት ምክንያት ከላይ የተጠቀሰው 720 ዲግሪ ነው፤ እያንዳንዱ ቫልቭና ፒስተን በሙሉ ዑደቱ ውስጥ ያልፋል። በእጅ ስናዞር ጉልበቱ አነስተኛ ስለሆነ ቫልቭ ከፒስተን ቢነካካ ሻፍቱ ይቆምብናል እንጂ ቫልቩ አይታጠፍም። እንዲህ ሲሆን በግድ መግፋት አይገባም፤ ከመጀመሪያው መመርመር እንጂ። የታመቀ አየር እየለዘበ ይለቃል፣ ብረት ከብረት ሲገናኝ ግን ድንገት ያቆማል። ካንዴላዎቹን ቀድመን ያወጣነውም ሁለቱን እንዳናምታታ ነው። በሞተሪኖ ቢሞከር ኖሮ ይህ ሁሉ የሚታወቀው ቫልቩ ከታጠፈ በኋላ ነበር።

ምልክቶቹ ዳግመኛ ከገጠሙ የተነቀለው ይመለሳል፣ ብሎኖቹ በመጽሐፉ በተሰጠው ልክ ይጠብቃሉ፣ ቀኑና ኪሎ ሜትሩም ይጻፋል።

አንባብያንን አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። በቺንጋው ጀርባ ላይ በቀለም ያደረግናቸው ምልክቶች ከሁለት ዙር በኋላ ከፑሌጃዎቹ ምልክቶች ጋር አይገጥሙም፤ ይህም ብዙዎችን ያስደነግጣል፣ ስሕተት ግን አይደለም። ፑሌጃዎቹ 20ና 40፣ ቺንጋው 117 ጥርስ ቢኖራቸው፣ ሦስቱም እንደገና በአንድነት እስኪገጥሙ ክራንክ ሻፍቱ ስንት ጊዜ ይዞራል?