የሐይቅ ዳር ጎጆና የጀልባ ማሳደሪያ

የሐይቅ ዳር ቤት ወሰኑ የማይረጋ ጎረቤት አለው። የጣና ውኃ ክረምቱ ሲያበቃ፣ በመስከረም አካባቢ፣ ከፍ ይላል፤ በግንቦትና በሰኔ ይሸሻል። ልዩነቱ በተለመደ ዓመት ከአንድ ሜትር ስለሚበልጥ፣ ዳርቻው ለጥ ባለበት እንደ ፎገራ ሜዳ ባለ ስፍራ ውኃው እጅግ ርቆ ወደ የብስ ይገባል። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ደግሞ ከዘመን ዘመንም ይለዋወጣሉ። ሐዋሳ ውኃውን የሚያፈስበት ወንዝ የለውም። በሰቃ ባለፉት አሥርት ዓመታት በብዙ እጥፍ ሰፍቶ የአዲስ አበባ–ጅቡቲን አውራ ጎዳናና የቀድሞውን የባቡር ሐዲድ ተጋፍቷል። ስለዚህ ፕላን ከመነደፉ በፊት ውኃው እስከ የት ደርሶ እንደሚያውቅ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጆችን መጠየቅ፣ በድንጋይና በግንድ ላይ የተወውንም ምልክት ማየት ያስፈልጋል። ቤቱ ከዚያ ምልክት በላይ ይሠራል።

በምልክቱና በውኃው መካከል ያለው ደንገል፣ ፊላና ሸምበቆ የሐይቁ አካል ነው። ጎርፍ ያመጣውን ደለል ያጣራል፤ ዓሣ ይራባበታል፤ ወፍ ይፈለፍልበታል። ለእይታ ሲባል ይህን ሁሉ መመንጠር በሐይቅ ዳር ግንባታ ከሚፈጸሙት ጥፋቶች የከፋው ነው። ወደ ውኃው ለመውረድ አንድ ቀጭን መንገድ ይበቃል። ጉማሬ ባለበት ደግሞ ሌሊት ለግጦሽ የሚወጣበትን ዱካ አስቀድሞ አይቶ መተው ግድ ነው፤ ጉማሬ መንገዱን በቀላሉ አይለውጥም።

የዚህ ጥበብ ምርጥ ትምህርት ቤት የጣናው ዘጌ ነው። የልሳነ ምድሩ ገዳማት ውኃው አፋፍ ላይ ሳይሆን ወደ ውስጥ ገባ ብለው በጫካ መካከል ተሠርተዋል። በጀልባ የሚመጣ ሰው ከሩቅ የሚያየው ዛፍ ብቻ ነው። ከወረደ በኋላ በቡና ተክል መካከል በሚያልፍ የእግር መንገድ ወጥቶ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ይደርሳል። ድንጋዩ፣ እንጨቱና ጭቃው የአካባቢው ነው፤ ዛፉ ደግሞ ሕንፃውን ከነፋስና ከፀሐይ ይጠብቀዋል። ዛሬ በሐይቅ ዳር የሚገነባ ሰው ከዚህ የተሻለ አርአያ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አይኖርበትም።

ቀን ቀን ቀዝቃዛው ነፋስ ከሐይቁ ወደ የብስ፣ ሌሊት ደግሞ ከየብስ ወደ ሐይቁ ይነፍሳል። በሁለቱም በኩል ትይዩ መስኮት ያለው ክፍል ያለ ማራገቢያ ይቀዘቅዛል። ጣናም ሐዋሳም ከ2,000 ሜትር በታች፣ ወባ በሚደርስበት ከፍታ ላይ ስለሆኑ ግን መስኮቱ ወንፊት ይፈልጋል።

ከግድግዳው ይልቅ የሚያስቸግረው የቤቱ እግር ነው። ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች በላይ በጉጌ ተራራ የሚኖሩት ዶርዜዎች የቀርከሃ ቤታቸውን እጅግ ረጅም አድርገው ይሠሩታል፤ ምስጥ ከሥሩ እየበላው በየጊዜው ያጥራል። እርጥበትና ምስጥ ባለበት የሐይቅ ዳርቻ ቀርከሃውም እንጨቱም መሬት ሳይነካ በድንጋይ መሠረት ላይ መቆም አለበት። ቀርከሃ ከተቆረጠ በኋላ ለሳምንታት ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ በጥላ ቢደርቅ ነቀዝ ብዙም አይደፍረውም። ምስጥን ለመከላከል እንጨት የተቃጠለ የሞተር ዘይት መቀባት የተለመደ ነው፤ በሐይቅ ዳር ግን ዘይቱ በዝናብ ታጥቦ ውኃው ውስጥ ስለሚገባ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። ለጣሪያ ሳር ክዳን ቤቱን ያቀዘቅዛል፣ ከአካባቢውም ጋር ይስማማል፤ በየጊዜው ግን መታደስ አለበት፣ እሳትም ስለሚፈራ ማድ ቤቱ ለብቻው ይሠራል።

የጀልባው ማሳደሪያ እንደ ጀልባው ዓይነት ይለያያል። የጣና ታንኳ ከደንገል የሚታሰር በመሆኑ ውኃ ይጠጣል፤ ከጉዞ በኋላ ወደ የብስ ተጎትቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ለእርሱ የሚያስፈልገው ዝቅ ያለ ጠጠራማ ተዳፋት ነው። ለሞተር ጀልባ ከውኃው ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ መድረክ፣ ወይም በቀጫጭን ምሰሶዎች ላይ የቆመና ግድግዳው ከሥሩ ክፍት የሆነ መጠለያ ይሻላል። ዳርቻውን የሚዘጋ የግንብ ግድግዳ ማዕበሉን ወደ ጎን መልሶ የጎረቤትን መሬት ያስበላል። ነዳጅ ማሳደሪያው ውስጥ አይቀመጥም፤ ቦታው ከውኃው ርቆ፣ ፍሳሽ በሚይዝ ገንዳ ላይ ነው።

የቀረው መጸዳጃው ነው። በሐይቅ ዳር የከርሰ ምድር ውኃ ቅርብ ስለሆነ ተራ ጉድጓድ ፍሳሹን በቀጥታ ለሐይቁ ይሰጣል። የሚሻለው ውኃ የማይጠቀም ደረቅ መጸዳጃ፣ ወይም ከዳርቻው ርቆ ከፍ ባለ ቦታ የተሠራና ውኃ የማያሳልፍ ማጠራቀሚያ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ያስጨነቀው እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም የሚፋፋው ከማሳና ከመኖሪያ በሚወርድ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው። ለግንባታው የተያዘው ገንዘብ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ በረንዳውና የጀልባው ማሳደሪያ ይቆዩ፤ መጸዳጃው ይቅደም።