አብሮ መኖርና አብሮ መወሰን፦ የሃርልስደን የጋራ መኖሪያዎች

ኮ-ሊቪንግ የሚባለው የቤት አከራየት፣ ተከራዩ አንድ ጠባብ መኝታ ክፍል ብቻ ለራሱ ይዞ ማዕድ ቤቱን፣ መመገቢያውን፣ የልብስ ማጠቢያውንና የማረፊያ አዳራሾቹን ከሌሎች ነዋሪዎች ጋር የሚጋራበት፣ ሕንፃውን ግን በሙሉ አንድ ድርጅት የሚያስተዳድርበት አሠራር ነው። ከዚህ አሠራር ቀዳሚ ምሳሌዎች አንዱ በሰሜን ምዕራብ ለንደን፣ በሃርልስደን ደቡባዊ ጫፍ፣ የዊልስደን ጃንክሽን ባቡር ጣቢያና የግራንድ ዩኒየን የውኃ ቦይ በሚቀራረቡበት በኦልድ ኦክ ሌን የቆመው ሕንፃ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ‘ዘ ኮሌክቲቭ ኦልድ ኦክ’ በሚል ስም 546 ክፍሎች ይዞ ሲከፈት በዓይነቱ ከዓለም ትልቁ ተብሎለት ነበር። በዚህ ጽሑፍ ኢትዮጵያን የሚመለከቱ ዓመታት የተቀመጡት በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሌሎቹ ሁሉ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

የሕንፃው ክፍሎች በአብዛኛው ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩ ናቸው፤ ሁለት ጎረቤታሞች የየራሳቸው መኝታና መታጠቢያ እያላቸው አንዲት ትንሽ ማብሰያ በመካከላቸው ይጋራሉ፣ የአንዱ ክፍል ስፋትም ወደ 10 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የጠበበው ክፍል የሚካካሰው በጋራ መመገቢያዎች፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በስፖርት አዳራሽ፣ በፊልም ማሳያና በጣሪያ ላይ በተዘጋጀ መናፈሻ ሲሆን፣ መብራቱ፣ ውኃው፣ ኢንተርኔቱና የአካባቢ አስተዳደሩ ግብር በኪራዩ ውስጥ ተጠቃልለው ይከፈላሉ። በእንግሊዝ የመኖሪያ ቤት ስፋት ደንብ መሠረት ለአንድ ሰው የሚሠራ አዲስ ቤት ከ37 ካሬ ሜትር ማነስ የማይገባው ሆኖ ሳለ ይህን ያህል ጠባብ ክፍል ሊፈቀድ የቻለው፣ የከተማ ፕላን ሕጉ እንዲህ ያለውን ሕንፃ ከተራ መኖሪያ ቤት ለይቶ ‘ስዊ ጄነሪስ’፣ ማለትም ራሱን የቻለና ከሌሎቹ ምድቦች ጋር የማይቆጠር ስለሚያደርገው ነው።

የአሠራሩ ደጋፊዎች ከሚያቀርቧቸው ምክንያቶች ጠንካራው ሀብትን ከመቆጠብ ጋር የተያያዘ ነው፤ ጥቂት የልብስ ማጠቢያ ማሽኖች ለብዙ ሰው ሲበቁ፣ ተጎራባች ክፍሎች ግድግዳ ሲጋሩና የሚያጡት ሙቀት ሲቀንስ፣ ባቡር ጣቢያ ቅርብ ሆኖ መኪና አላስፈላጊ ሲሆን፣ አንድ ነዋሪ የሚያስፈልገው ቁሳቁስና ኃይል በእርግጥ ያንሳል። ሆኖም ቁጠባው መኖሪያን ዘላቂ ለማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ ምክንያቱም ነዋሪው ለጥቂት ወራት ብቻ ተቀምጦ የሚለቅ ከሆነ፣ በአዳራሾቹ ይፈጠራል የተባለው ጉርብትና ሥር ሳይሰድ ተከራዩ ይለወጣል። የለንደን ከተማ አስተዳደር በ2021 ባጸደቀው ፕላን ውስጥ ለዚህ ዓይነቱ ሕንፃ የተለየ ደንብ አውጥቶ ከሦስት ወር ያላነሰ የኪራይ ውል እንዲቀርብ የጠየቀ ሲሆን፣ በ2024 በወጣው መመሪያም የግል ክፍሉ ከ18 ካሬ ሜትር እንዳያንስ አመልክቷል። ሕንፃውን የመሠረተው ድርጅት ግን በዚያው በ2021 ዕዳውን መሸከም አቅቶት፣ ሥራው በሕግ ለተሾሙ ገለልተኛ አስተዳዳሪዎች ተላለፈ።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማዕድ ቤት መጋራት እንግዳ ነገር አይደለም። በአዲስ አበባ የቀበሌ ቤቶች አንድ ግቢ፣ አንድ የውኃ ቧንቧና አንድ መጸዳጃ ለበርካታ ቤተሰቦች ሲያገለግሉ ኖረዋል፤ በ1990ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ፕሮግራም የተሠሩት ኮንዶሚኒየሞችም በግቢያቸው ውስጥ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበትና ድግስ የሚደገስበት፣ ነዋሪው ኮሚናል የሚለው ቤት ተሠርቶላቸዋል። ከኦልድ ኦክ የሚለያቸው ዋናው ነገር የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 ለቤት ባለቤቶች ማኅበር የጋራ ይዞታውን የማስተዳደር ሥልጣን መስጠቱ ነው። ማኅበሩ በተግባር ደካማ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ኮሚናሉ ለምን አገልግሎት ይዋል የሚለው ጥያቄ የሚነሳው በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ነው፣ የኮ-ሊቪንግ ተከራይ ግን በአዳራሹ ይጠቀማል እንጂ ስለ አዳራሹ አይወስንም።

ውሳኔውን ለነዋሪው ለመስጠት የተደረገ ሌላ ሙከራ ከኦልድ ኦክ ብዙም ሳይርቅ፣ በሃርልስደን ምዕራባዊ ወገን ባለው የስቶንብሪጅ መንደር ይገኛል። መንደሩ የብሬንት ወረዳ ምክር ቤት በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ባሠራቸው ረጃጅም የኮንክሪት ሕንፃዎች የተሞላ ነበር። በ1988 የወጣው የቤቶች ሕግ ‘ሃውሲንግ አክሽን ትረስት’ የተባለ፣ የተጎሳቆለን መንደር ከወረዳ ምክር ቤት ተረክቦ በመንግሥት ገንዘብ የሚያድስና ጊዜው ሲያልቅ የሚፈርስ ባለአደራ ተቋም እንዲቋቋም ፈቀደ። በመላ እንግሊዝ ከተቋቋሙት ስድስት ባለአደራዎች የመጨረሻው በ1994 በስቶንብሪጅ ሥራ ጀመረ፤ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች ፈርሰው በአጫጭር ቤቶች ተተኩ፣ ተቋሙ በ2007 ሲዘጋም ነዋሪዎቹ ወደ ወረዳው መመለስ ወይም ወደ ሌላ አከራይ መሄድ በምርጫቸው ሆኖ፣ አብዛኞቹ ሂልሳይድ ሃውሲንግ ትረስት የተባለውን መረጡ። ነባር ሕንፃን ማፍረስ ከሀብት ቁጠባ አንጻር የሚያስወቅስ ቢሆንም፣ ተከራይ አከራዩን በድምፅ የሚመርጥበት አጋጣሚ በየትም አገር ብርቅ ነውና ስቶንብሪጅ በዚህ ረገድ ከኦልድ ኦክ የበለጠ ሊጠና ይገባዋል።

በዚያው መንደር አጠገብ ያለው ብሪጅ ፓርክ ደግሞ መኖሪያ ባይሆንም የይዞታን ነገር ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። የአካባቢው ወጣት ጥቁሮች በ1981 ባቋቋሙት ማኅበር አማካይነት አሮጌ የአውቶቡስ ጋራዥ ወደ ማኅበረሰብ ማዕከልነት ተለወጠ፤ የባለቤትነት ስሙ ግን በወረዳው ምክር ቤት ነበርና፣ መሬቱ ለአዲስ ልማት ሲፈለግ በተነሣው ክርክር ከፍተኛው ፍርድ ቤት በ2020፣ ይግባኝ ሰሚውም በ2022 ለምክር ቤቱ ፈረዱ።

ይህን የባለቤትነት ክፍተት ለመድፈን የታሰበው አሠራር ‘ኮሚዩኒቲ ላንድ ትረስት’፣ በአማርኛ የማኅበረሰብ መሬት ባለአደራ ሊባል የሚችለው ነው። በ1969 በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት፣ በዜጎች መብት ትግል ውስጥ በነበሩ ሰዎች ለጥቁር ገበሬዎች የተጀመረ ሲሆን፣ በእንግሊዝ በ2008 የሕግ ትርጉም አግኝቷል። መሬቱ በነዋሪዎች አባልነት በሚመራ ተቋም እጅ ይቆያል፤ በምሥራቅ ለንደን ማይል ኤንድ በሚገኘው የቅዱስ ክሌመንት የቀድሞ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ እንደሚሠራበት፣ የቤቱ ዋጋ የሚተመነው በገበያው ሳይሆን በአካባቢው መካከለኛ ገቢ ነው፣ ነዋሪው ሲለቅም ለሚተካው ሰው የሚሸጠው በዚያው ስሌት ነው። በሃርልስደን ደቡብ በ2015 በተቋቋመው የኦልድ ኦክና ፓርክ ሮያል ልማት ኮርፖሬሽን ሥር ካለው 650 ሄክታር መሬት ከፊሉ የመንግሥትና የባቡር ተቋማት ይዞታ በመሆኑ፣ አሠራሩ በዚያ ሊሞከር የሚገባው መሬቱ ለግል አልሚዎች ከመተላለፉ በፊት ነው።